የፊት ለፊቱ ክፍል ተከራይ

ሰውየው የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ሾፌሮቹ «እስቲልየው» ይሉታል፤ ተሳፋሪ ፊት ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ከዚህች ቃል ሌላ ብዙም ከአፉ አይወጣምና። ትኬቱን ተቀብሎ ይገለብጠዋል፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳዋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ባለቤቱን ያያል። ትክክለኛ ትኬት የያዘ ሰው እንኳ በእሱ ዓይን ሥር ሲሆን የሰረቀ ይመስል ላብ ላብ ይለዋል። እሱ ደግሞ ያን ላብ ሲያይ ይብስበታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ውሎ አድሮ ደሙ ውስጥ ስለገባ ነው። ዳቦ ሲገዛ ገልብጦ ያያል፣ አንዱ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሌላ ሐኪም ዘንድ ወስዶ ያስጠይቃል፣ የሰርግ ጥሪ ሲደርሰው «ምን ፈልገው ነው?» ይላል።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ስንት ቤት ገብታ ስንት መስኮት ለክታለች። የሰው ሳሎን ስታሳምር ትውልና ወደ ኪራይ ቤታቸው ስትመለስ፣ አከራያቸው ምስማር እንዳይመታበት በከለከለው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ዕቅዷን ታወራዋለች። ዕቅዱ አዲስ አይደለም፤ ከተጋቡ ጀምሮ ያው ነው። መጀመሪያ ክፍሎቹ በዛ ያሉ አንድ ቤት ይገዛሉ። እነሱ ከኋላ ይኖራሉ፣ የፊቱን ያከራያሉ። ኪራዩ አይነካም፤ የእሷ የስፌት ገንዘብ ይጨመርበትና ሁለተኛ ቤት ይሆናል፣ ትንሽም ብትሆን ሙሉ በሙሉ የምትከራይ። ከዚያ ሦስተኛ።

«ሀብታም ልሁን ብዬ አይደለም፤ እርጅና መሰላል ላይ ቆሜ የሰው መጋረጃ ስሰቅል እንዳያገኘኝ ነው» ትላለች።

እሱም ይስማማል፣ ከልቡ ነው የሚስማማው። የቁጠባውን ግማሽ ያዋጣው እሱ ነው፤ ሲጋራውን ትቶ፣ ያረጀ ጫማውን እያስጠገነ። ችግሩ የሚመጣው ዕቅዱ ወደ አንድ እውነተኛ ቤትና ወደ አንድ እውነተኛ ሻጭ ሲጠጋ ነው። አንዱን ቤት ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ የሚደበቅ ነገር ቢኖር ነው ብሎ አስቀረ። ሌላውን ቀለም አልተቀባም፣ እንዲህ የናቁት በምክንያት ነው ብሎ አስቀረ። ሚስቱ ሁለተኛው ጊዜ ላይ አልተጣላችውም፤ ወደ ስፌቷ ዞረች። ያ ከጠብ ይልቅ አስፈራው።

አሁን የተገኘው ቤት ሚስቱ ሌላ ሰፈር የደንበኛ መስኮት ልትለካ ሄዳ ያየችው ነው። በሩ ላይ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጣች የስልክ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ሌላ ከተማ የምትኖር። ዕድሜዋን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። ቤቱ ከኋላ ሦስት ክፍል፣ ከፊት ደግሞ በአንድ በር ወደ ኮሪደሩ፣ በራሱ በር ወደ መንገድ የሚወጣ አንድ ክፍል አለው። ሚስቱ ይህን ስትነግረው ዓይኗ በርቶ ነበር። ዋጋውን ስትነግረው ግን የእሱ ፊት ዳመነ።

«ደላላው ማነው?» አላት።

«ደላላ የለም።»

«ለምን የለም?»

«ለምን ገንዘቤን ለደላላ እበትናለሁ ነው ያሉት።»

«ዋጋውስ ለምን ረከሰ?»

«ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ጡረታዬ ይበቃኛል፣ ቤቴ ግን ለነጋዴ ሳይሆን ለሚኖርበት ሰው ይሁን ብለዋል።»

እንዲህ የሚል ሰው በዚህ ዘመን የለም አላት። እሷም እስቲ መጥተህ በዓይንህ እይ፣ ሴትዮዋንም አነጋግራቸው ብላ ለመነችው። አልሄድም አለ። ያልሄደበት ምክንያት ለእሱ እንደ ፀሐይ የጠራ ነው፦ ሻጭ ገዢ እንደሚመጣ ካወቀ ቤቱን ያሰናዳል፤ ልክ ተሳፋሪ የደንብ ልብስ ሲያይ ትኬቱን ከኪሱ እንደሚያወጣው። እውነተኛውን ነገር ማየት የሚፈልግ ተቆጣጣሪ የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ከፍሎ፣ መሐል ወንበር ላይ ይቀመጣል። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሥራ ሲሰጠው ደስ ይለዋል።

በማግስቱ በቤቱ በኩል አለፍ ብሎ ሲያይ ከ«ይሸጣል» በታች ሁለተኛ ወረቀት አየ። የፊት ለፊቱ ክፍል፣ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ፣ በወር ይከራያል ይላል። ቆሞ አሰበ። ከዚያ በሩን አንኳኳ።

ለቤቱ ባለቤት የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፣ ለከተማው አዲስ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ አላት። ሴትዮዋ ፊቱን ብዙም አላየችም፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ድምፁን ነበር የምትሰማው። ሲጨርስ «ድምፅህ የጨዋ ሰው ድምፅ ነው» ብላ የወሩን ኪራይ ተቀበለችና ቁልፉን ሰጠችው። ስሙን እንኳ አልጠየቀችም። ይህም አሳሰበው፤ ለማያውቁት ሰው ቁልፍ የሚሰጡ ምን ዓይነት ሴት ናቸው?

ለሚስቱ ደግሞ የሩቅ መስመር ተመድቤያለሁ፣ ውጭ የማድርባቸው ቀናት ይኖራሉ አላት። አልፎ አልፎ እንዲህ ይመድቡታልና አመነችው። «ተመልሰህ ስትመጣ ግን ቤቱን ታያለህ፣ በሞቴ» ብላ ሻንጣውን አዘጋጀችለት። ለእሷው ጥቅም ነው ብሎ ራሱን አባበለ።

ምርመራው ወዲያው ተጀመረ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ወለሉ ላይ በተረከዙ ረገጠ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ሳይሆን እስኪደክመው ድረስ አየው። ዝናብ ሲዘንብ እንደ ዕድለኛ ሰው ደስ ብሎት ጣሪያውን ሲያዳምጥ ቆየ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ጎረቤቶቹን በዘዴ ጠየቀ። ጫማ ሰሪው ሴትዮዋ ወርቅ ናቸው አለው። ባለሱቋ ሴትዮዋ ወርቅ ናቸው አለችው። ሁለት ሰው አንድ ቃል ሲናገር ሰምቶ ተማክረዋል ማለት ነው አለ በልቡ። ሦስተኛው፣ መኪና አጣቢው፣ እኔ እሳቸውን አላውቃቸውም ሲለው ደግሞ ይሄ የሚደብቀው ነገር አለ ብሎ ሁለት ቀን ሲከታተለው ሰነበተ። ልጁ እውነትም አያውቃቸውም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ እስቲልየው አንድ ነገር ገባው። ቤቱ ምንም አልነበረበትም፤ ከጣሪያ እስከ መሠረት ደህና ቤት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ወደ ሚስቱ ሮጦ «እንግዛው» ማለት ነበረበት። እሱ ግን ቤቱ ደህና ከሆነ ተንኮሉ ሴትዮዋ ላይ ነው ማለት ነው ብሎ ተቀመጠ።

ሴትዮዋ ግን አታስቸግርም። ጠዋት ሲወጣ «በሰላም ዋል ልጄ» ትለዋለች፣ ሲገባ ሻይ ታቀርብለታለች። ተቀምጣ ስለ ሥራ ዘመኗ ታወራዋለች፦ የሰው ድምፅ ብቻ ሰምታ ማን ታሞ ማን ተጣልቶ እንደሆነ ታውቅ እንደነበር፣ አንድም ቀን መስመር አጠላልፋ እንደማታውቅ። አንድ ቀን ኮቱ ላይ አዝራር እንደጎደለ አይታ «ብቸኛ ወንድ» ብላ ከራሷ ሣጥን አዝራር አውጥታ፣ በራሷ ክር ተከለችለት። እምቢ ማለት አልቻለም። እናቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አድርጎ ልብሱን የያዘለት ሰው አልነበረም፤ ሚስቱ ብትሰፋለትም በችኮላ፣ የደንበኛ ሥራ እየጠበቃት ነው።

ሚስቱ በመሐል በመሐል ወደ ቤቱ ትመጣለች፤ ሴትዮዋን ልታነጋግር፣ ክፍሎቹን ደግማ ልታይ። ብዙውን ጊዜ እሱ ሥራ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ግን አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ድምፅዋን ከኮሪደሩ ሰማ። ተነሥቶ በጣቱ ጫፍ ሄዶ በሩን ከውስጥ ቆለፈና እዚያው በሩ ሥር ቆመ።

«ይችን የፊት ለፊቷን ክፍል ባያትስ እትዬ?» አለች ሚስቱ። በመሐላቸው አንድ የእንጨት በር ብቻ ነው ያለው።

ሴትዮዋ ተከራዩ ሥራ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰው በሌለበት የሰው ክፍል አልከፍትም አለቻት። ሚስቱም ልክ ነው አለች። ቆም ብለው ማውራት ቀጠሉ። ተከራዩ ጥሩ ሰው ከሆነ ቤቱን ስንገዛ እንዳለ ይቀጥል፣ አናስወጣውም፤ ኪራዩን ለሌላ ቤት እናጠራቅመዋለን ስትል ሰማት። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ደስታ እሱ ለብዙ ጊዜ አልሰማውም ነበር። ሴትዮዋ ስለ ባልሽ ንገሪኝ እስቲ ስትላት «ጥሩ ሰው ነው እትዬ። ትንሽ ተጠራጣሪ ነው እንጂ ሆዱ ንጹሕ ነው» አለች። እስቲልየው ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ እስኪሄዱ ድረስ አልተነቃነቀም። አፈረ። በሩን ከፍቶ መውጣት የሚችለው ያኔ ነበር፤ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለባበጠበት። አንድ ማታ ሻይ ሊጠጣ ወደ ሳሎን ሲያልፍ ሴትዮዋ ከልጇ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማ። ጆሮውን ቀሰረ፤ ሲጠብቀው የነበረው ተንኮል ሊወጣ ነው ብሎ። ሴትዮዋ የምታወራው ስለ እሱ ነበር። ስለ ተከራዩ አይደለም፣ ስለ ባልየው ነው። ገዢዋ ልጅ ማር ናት፣ እጇም አፏም ልክ ነው፣ ባሏ ግን አንድም ቀን አልመጣም፤ ሊኖርበት ነው የሚባለውን ቤት መጥቶ የማያይ ወንድ ምን ዓይነት ነው፣ ወይ ገንዘቡ የእነሱ አይደለም፣ ወይ ቤቱን ገዝተው ለሌላ ሊያሻግሩት ነው፤ በሆዱ የያዘው ነገር አለ ትላለች። እስቲልየው እንዲህ ተብሎ ተጠርጥሮ አያውቅም። ተቆጣ። እኔን? አለ በልቡ፣ ሰው ሳያየኝ?

ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል አየችውና ጠራችው። ምክሩን ፈለገች።

«አንተ ምራቅህን የዋጥክ ሰው ነህ» አለችው። «እንዲህ ያለው ሰው ምን ይመስልሃል?»

ለራሱ ጥብቅና ቆመ። ሰውየው ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ ሁሉ ሰው ክፉ አይደለም እትዬ፣ ዝም ብሎ ሰውን መጠርጠርም ጥሩ አይደለም አለ። ይህን ቃል ከገዛ አፉ ሲሰማ እንግዳ ሆነበት። እሷም ለማታውቀው ሰው እንዲህ የምትከራከር ጥሩ ልብ ያለህ ብትሆን ነው አለችና ሌላ ጥያቄ አስከተለች፦ ዋጋውስ? ከፍ አደረግኩት? ዝቅ አደረግኩት? ልጄ ርካሽ ነው ትላለች።

እዚህ ላይ ነው ሰውየው ከጥርጣሬ ወደ ሌላ ነገር የተሻገረው። ቤቱ የሚያወጣውን ያውቃል። ሴትዮዋ የጠራችው ዋጋም ከዚያ በታች እንደሆነ ያውቃል። ግን የሚስቱ ሁለተኛ ቤት ዓይኑ ላይ ድቅን አለ፤ ከዚህ ቤት የተረፈው ለዚያ ይሆናል። ደግሞም በሆዱ ያዘ ብላ ያማችው ሴትዮ ትንሽ ቢቀነስባት ምንም አይደል።

«ቤቱ የቆየ ነው እትዬ» አላት ሻዩን እያማሰለ። «ገዢ ይሸሻል። እኔ ብሆን ቀነስ አደርግ ነበር።»

ሴትዮዋ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው። አንተ ምን ጥቅም አለህ፣ እውነትህን ነው አለችው።

ከዚያ በኋላ ወደ ኪራይ ቤታቸው ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። የምሥራች የምትነግረው መስሎት ፊቱን አስተካከለ። ሴትዮዋ ዋጋ ቀነሱ አለችው። እሰይ አላት። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ለምን ቀነሱ?» አለች። «አልጠየቅኋቸው፣ አልተከራከርኳቸው።»

ጥሩ ሴት ናቸው አላልሽም እንዴ ቢላት «እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን የለም ያልከው አንተ ነህ» አለችው። ሴትዮዋን ጠይቃት ኖሮ ተከራዬ ነው የመከረኝ ብላታለች። እስቲ ንገረኝ አለችው ሚስቱ፤ አከራዩን ዋጋ ቀንሺ የሚል ተከራይ ምን ይባላል? ከገዢ ጋር የተማከረ ነው ይባላል፤ እኔ ደግሞ አላማከርኩትም። ስለዚህ ሌላ ገዢ አለ፣ ወይም ሰውየው ሴትዮዋን አሞኝቶ ቤቱን በራሱ ሊጠቀልለው ነው። ያን ሰውዬ ሳላየው አንድ ሳንቲም አልከፍልም አለች።

እንዲህ አድርጋ ነገር የምትፈትል ሴት አልነበረችም፤ ከእሱ ጋር ስትኖር የተማረችው ነው። ይህን ሲያስብ እሷ ኮቱን ለመስቀል ተቀብላው ነበር። እጇ ቆመ። አዝራሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ገለበጠችው፣ የክሩን ቋጠሮ ከውስጥ በኩል አየች።

«ይሄ የእኔ ክር አይደለም» አለች።

መንገድ ላይ ወልቆ ልብስ ሰፊ ጋ አስተከልኩት አላት። ልብስ ሰፊ እንዲህ አይቋጥርም፣ ይሄ የሴት እጅ ነው አላለችውም። ማለት አልፈለገችም። ኮቱን ሰቀለችና ወደ ማሽኗ ሄደች። እሱም ምን እንደገመተች ገብቶት፣ ግምቷን የሚያፈርስበት እውነት ከግምቷ የማይሻል ሆኖበት፣ ወደ መኝታው ገባ።

ሁለቱ ሴቶች መላውን በየበኩላቸው አግኝተው ኖሯል። ሚስቱ ተከራዩን ማየት ትፈልጋለች፤ ሴትዮዋ ባልየውን ማየት ትፈልጋለች። ለእሑድ ከምሳ በኋላ ተቀጣጠሩ። ሴትዮዋ ለተከራይዋ እሑድ የትም እንዳትሄድብኝ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ያንን ሰው እይልኝ፣ ውል ስንጽፍም ምስክሬ ትሆናለህ አለችው። ሚስቱ ለባሏ ከሥራ በቀጥታ ና፣ እዚያ እጠብቅሃለሁ፣ እሑድ ካልመጣህ ከእንግዲህ ስለ ቤት አላወራህም አለችው። ያን ቃል ስትናገር ዓይኗ አዝራሩ ላይ ነበር።

ያን እሑድ ጠዋት የሚሸሽበት ዓለም አልነበረም። ታምሜያለሁ ለማለት አሰበ፤ የቱ ነው የሚታመመው? ባልየው ቢታመም ሚስቱ ትፈልገዋለች፣ ተከራዩ ቢታመም ሴትዮዋ ሾርባ ይዛ ትገባለች። መናኸሪያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሆኖ ሁለቱን ልብሶች አየ፤ የተከራዩን ሹራብና የተቆጣጣሪውን የደንብ ልብስ። ስንት ሰው ያለ ትኬት ተሳፍሮ ሲያዝ ዓይኑ ሲቅበዘበዝ አይቷል፤ አሁን መስታወቱ ውስጥ ያ ዓይን ነበር። የደንብ ልብሱን ለበሰ።

ሲገባ ሁለቱ ሳሎን ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«ይኸውልሽ፣ የነገርኩሽ ተከራዬ ይሄ ነው» አለች። «ምነው ልጄ፣ ዛሬ ምን ለበስክ?»

ሚስቱ ሲኒዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

«ይሄ ባሌ ነው» አለች።

ሴትዮዋ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች፤ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ሳትሳሳት ሁለት ሰው እያገናኘች ኖራ፣ አሁን ጡረታ ላይ ሁለት መስመር አንድ ሰው ዘንድ ሲገባባት ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። እሱ መናገር ጀመረ። ቤቱን ልፈትሽ ብዬ ነው አለ፤ የሕይወት ዘመን ገንዘባችን ነው፣ እንዳንታለል ፈርቼ ነው፣ ክፉ አስቤ አይደለም፤ ያን ቅዳሜ በሩን ቆልፌ ከውስጥ ሆኜ የሰማሁሽም አፍሬ ነው። ንግግሩ እየሄደ ውኃ የማያነሳ መሆኑ ለራሱም ይሰማው ነበር።

ሴትዮዋ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ድምፁን ብቻ ልትሰማ።

«ምን አገኘህ?» አለችው።

«ምንም።»

«ጣሪያው?»

«ደህና ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎም ደህና ነዎት እትዬ።»

«ይህን መቼ አወቅህ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ሚስቱ ግን እያየችው ነው። «ቤቱን በመጀመሪያው ሳምንት» አለ።

«በኋላ ነው እንግዲህ» አለች ሴትዮዋ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ቤትሽ የቆየ ነው፣ ዋጋ ቀንሺ ያልከኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። ሚስቱ ወደ እሱ ዞረች። የጠበቀው ቁጣ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየው ግን ድካም ነው። አዝራሩን ማን ነው የተከለው ብላ ጠየቀች፤ ሴትዮዋን ነው የጠየቀችው እንጂ እሱን አይደለም። ሴትዮዋ እኔ ነኝ፣ እንደ ልጄ ቆጥሬው ነበር አለች።

«ሌላ ሴት ያዘ ብዬ ነበር» አለች ሚስቱ። «ሌሊቱን ሁሉ አልተኛሁም። ሌላ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። እሷን እጣላ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ይሄንን ምን ብዬ እጣላዋለሁ? እኔን በር ቆልፎ ሲሰማኝ የነበረውን።»

ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። በእጇ አስቆመችው።

ቤቱ በዚያ ቀን አልተሸጠም። ሴትዮዋ የክፍሉን ቁልፍ ተቀበለችውና ላስብበት አለች፤ እነሱም ለየብቻ፣ እሷ በአንደኛው የመንገድ ጠርዝ እሱ በሌላኛው፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የሚስቱ ተስፋ ከእጇ ወጣ ብሎ ያሰበው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ሲጋራውን የተወባቸው ዓመታት፣ የእሷ መሰላል፣ ሁሉ በአንድ የሻይ ማንኪያ ማማሰል ሄደ። ዓይኑ እንባ ያዘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የማንም ተንኮል አልታየውም፣ የራሱ ብቻ።

ሴትዮዋ ራሷ መጣች። የመጋረጃ ሰፊዋን ቤት ጠይቃ፣ ደረጃውን ወጥታ። ሚስቱ በኋላ እንደነገረችው ንግግሯ አጭር ነበር፤ ለእሱ አልሸጥም፣ ለአንቺ ግን እሸጣለሁ አለቻት። ሚስቱም ሁለት ነገር መለሰች። አንደኛ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው በመጀመሪያው ዋጋ ነው እንጂ በተቀነሰው አይደለም። ሁለተኛ፣ ቤቱ በእሷ ስም ብቻ ይሆናል። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን በግድ ተቀበለች፣ ሁለተኛውን በደስታ።

ውል የሚመዘገብበት ቢሮ የባል ፈቃድ ያስፈልጋል ስላለ እስቲልየው ተጠራ። ጸሐፊው ወረቀቱን ገፋ አድርጎ አንብበው አለው። እሱ ግን ብዕሩን ጠይቆ ፈረመ። በሕይወቱ ሳያነብ የፈረመው ወረቀት ይሄ ብቻ ነው። ሚስቱ ፈርማ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያ በበሩ በኩል ሰምቶት የነበረ ደስታ ነበር። ደስ አለው። ደስታዋ ውስጥ እሱ እንደሌለበት ቢያውቅም ደስ አለው።

ሴትዮዋ በማግስቱ ጠዋት ወደ ልጇ ሄደች። እጁን ጨበጠችው፣ ልጄ ግን አላለችውም። እነሱም በዚያው ቀን ዕቃቸውን በጋሪ አስጭነው ገቡ። እሱ ማሽኑን ተሸከመ፣ አልጋውን ፈታ፣ መሰላሉን ጓሮ አስደገፈ፤ የታዘዘውንም ያልታዘዘውንም አደረገ። በመጨረሻ የራሱን ሻንጣ አንሥቶ ወደ ኋላው መኝታ ክፍል ሲያቀና ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋችው።

«ወደዚያ አይደለም» አለች፤ በአገጯ የፊት ለፊቱን ክፍል አሳየችው። «የከፈልክበት ወር አላለቀም።»

የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሻንጣውን እንደያዘ ቆመ፤ ከዚያስ ሲያልቅ አላት። ሲያልቅ መቆየት ከፈለግህ አከራይዋን ታነጋግራለህ፣ ኪራይ የሚከፈለው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ለሁለተኛው ቤት የሚቀመጥ ስለሆነ አይዘገይም አለችው።

«እስከ መቼ ነው?» አላት።

ሚስቱ የክፍሉን ቁልፍ ከቀበቶዋ ፈትታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«እንደ ተከራዩ ጠባይ ነው» አለችው።